ደብተሩን ዘግቶ ማጥናት፦ ለጅማ ተማሪ የፈተና ዝግጅትና የፈተና አሠራር ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ ሲገባ ጅማ ላይ ዝናቡና ፈተናው አብረው ይመጣሉ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ አንዳንድ ቀን አጠገብ የተቀመጠን ሰው ንግግር እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ መብራቱም ጥናት በደራበት ሰዓት እልም ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ከሂርማታ እስከ ቆጪ ባሉ ቤቶች ውስጥ፣ ደብተሩን ከፊቱ ዘርግቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሦስትና አራት ጊዜ የሚያነብ ተማሪ አይጠፋም። ለዓመታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችንና አዲስ የዩኒቨርሲቲ ገቢዎችን ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ችግር ከዚሁ የሚነሳ ነው። ተማሪው ለሰዓታት ያነባል፣ ያነበበው ሁሉ የገባው ይመስለዋል፣ ከፈተናው ግን «አውቀው ነበር፣ ጠፋብኝ» እያለ ይወጣል። ጠፋብኝ የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውኑ አልተያዘም ነበር። ይህ መመሪያ ከዚህ ችግር ተነስቶ፣ ከፈተናው ሳምንታት በፊት ጀምሮ ወረቀቱ ታርሞ እስኪመለስ ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

የፈተናውን መልክ ማወቅ

ማንኛውም ዝግጅት የሚጀምረው አንድ ነጠላ ወረቀት ላይ አምስት ነገሮችን በመጻፍ ነው፦ ፈተናው የሚሰጥበት ቀን፣ የሚሸፍናቸው ምዕራፎች፣ የጥያቄዎቹ ብዛት፣ የተሰጠው ሰዓትና የጥያቄዎቹ ዓይነት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን በአብዛኛው ከኮርስ አውትላይኑ ያገኘዋል፤ ኩዊዙ፣ ሚዱና ፋይናሉ ስንት ስንት እንደሚይዙም እዚያው ላይ ሰፍሮ ስለሚገኝ፣ አሥር ነጥብ ለያዘ ኩዊዝ ሳምንት ሙሉ አጥንቶ ሃምሳ ለሚይዝ ፋይናል ሁለት ቀን መመደብን ያስቀራል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግሞ መምህሩን በግልጽ ይጠይቅ። «ከየት እስከ የት ነው? ምርጫ ነው ወይስ ማብራሪያም አለው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ምን ያህል እንደጠበቀ ታውቃላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቶቹ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቶቹ ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ በኩረጃና በአንድ ሳምንት ሽምደዳ የሚታለፍ ፈተና አለመሆኑን ቁጥሩ ራሱ ስለሚናገር ነው። በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና ወጥቷል» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥማችሁ ደግሞ የ2008 ዓ.ም.ን አስታውሱ፤ በዚያ ዓመት ፈተናው በእርግጥም ሾልኮ ወጥቶ ነበር፣ ነገር ግን ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ፤ የተጠቀመውም አስቀድሞ የተዘጋጀው ነው።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዙትም ሆኑ በስልክ የሚዘዋወሩት የመልስ ቁልፎች ስህተት አያጡም። የእናንተ መልስ ከቁልፉ ጋር ካልተስማማ ቁልፉን ወዲያው አትመኑት፤ የመማሪያ መጽሐፉን ገልጣችሁ አረጋግጡ። በማረጋገጥ ላይ የጠፋው አሥር ደቂቃ ራሱ ጥናት ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ሌሊት የተጠና ነገር በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ ሲለካ ሁለት ነገር አስተዋለ። የመጀመሪያው፣ ከሁሉ በላይ የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው፣ ተመሳሳይ ድካም በተለያዩ ቀናት ላይ ሲከፋፈል በአንድ ቀን ከታጨቀው የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከፈተናው ቀን ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለምሳሌ አራት ሳምንት ቢቀራችሁና አንድን ምዕራፍ ሰኞ ብታጠኑ፣ ያንኑ ምዕራፍ ረቡዕ ለሃያ ደቂቃ፣ በተከታዩ ሰኞ ለአሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት አሳልፋችሁ እንደገና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ትመለሱበታላችሁ። አዲስ ምዕራፍና የድሮ ምዕራፍ በየቀኑ ጎን ለጎን ይሄዳሉ ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ቀናት አዲስ ነገር የማይጀመርባቸው ይሁኑ። ፕሮግራሙን ስትሠሩ በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ባዶ ተዉ፤ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይኖራል፣ ጉንፋን ይይዛል። ባዶ ቦታ የሌለው ፕሮግራም በሁለተኛው ሳምንት ይፈርስና ከግድግዳው ላይ ተነቅሎ ይጣላል።

ደብተሩን መዝጋት

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን አራት ዙር አነበበ፤ ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ዙሮች ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት ከጽሑፉ 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ ያሳመናቸው ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ተማሪ ደግሞ የሚፈተነው አንብቦ በጨረሰ በአምስተኛው ደቂቃ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድን ንዑስ ርዕስ፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት ገጽ የሚሆን ነገር፣ በጥሞና አንድ ጊዜ አንብቡ። ከዚያም ደብተሩን ዝጉና ባዶ ወረቀት አውጡ። የምታስታውሱትን ሁሉ፣ ሥዕልም ቢሆን ቀመርም ቢሆን፣ ቅደም ተከተሉ ቢዛባም ሳትጨነቁ ጻፉ። አእምሯችሁ ባዶ ሲሆንባችሁ ወዲያው ደብተሩን አትግለጡ፤ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ታገሉት፣ ትምህርቱ የሚጣበቀው በዚያ ትግል ውስጥ ነውና። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ የቀረውንና የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ አስተካክሉ። በሚቀጥለው ጊዜ የምታጠኑት ቀዩን እንጂ ገጹን በሙሉ አይደለም፤ ጊዜ የሚቆጥበውም ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ ማስታወሻን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው። ማስታወሻችሁ ላይ «ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖር፣ ዓመቱን ብቻ መሸምደድ ከአንድ ነጥብ በላይ አያስገኝም። በህዳጉ ላይ «ሌሎች የአካባቢው ገዢዎች ሥልጣናቸውን ሲያጡ አባ ጅፋር የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩት ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ፣ ለምኒልክ በሰላም ገብረው ግብር ለመክፈል መስማማታቸው፣ ዓመቱን ጭምር ጎትቶ ያመጣላችኋል። በባዮሎጂም እንዲሁ ነው፤ የፎቶሲንተሲስ የብርሃን ሂደት ታይላኮይድ ላይ፣ ስኳር የሚሠራበት የካልቪን ዑደት ደግሞ ስትሮማ ውስጥ (ሁለቱም የክሎሮፕላስት ክፍሎች ናቸው) እንደሚካሄድ ከመሸምደድ ይልቅ፣ «ብርሃን ቢጠፋ የካልቪን ዑደት ለምን ቆይቶ ይቆማል?» ብሎ ራስን መጠየቅ የሁለቱን ግንኙነት ያስይዛል፤ ዑደቱ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች የተባሉትን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውሎች የሚያገኘው ከብርሃኑ ሂደት ነውና።

መብራት መጥፋቱን በተመለከተ ለብዙ ተማሪዎች የምነግረው አንድ ነገር አለ። ቀን ብርሃን ሳለ አንብቡ፤ ማታ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሻማ ፍለጋ አትሩጡ። ጨለማ ለማንበብ እንጂ ለማስታወስ እንቅፋት አይሆንም። አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ቀን ያነበባችሁትን ለታናሽ ወንድማችሁ ወይም ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። የተደናቀፋችሁበትን ቦታ በቃላችሁ ያዙና መብራት ሲመጣ ወይም ሲነጋ ፈትሹት። በተለይ አንድ ወላጅ «ልጄ በጨለማ ብቻዋን ታወራለች» ብላ ተጨንቃ የነገረችኝን አልረሳውም፤ ልጅቱ ኬሚስትሪ እያጠናች ነበር።

በቡድን ስታጠኑ ደንቡ አንድ ብቻ ይሁን፦ መጽሐፉን የሚይዘው ጠያቂው ነው፣ መላሹ ባዶ እጁን ይቀመጣል። አንዱ እያነበበ ሌሎቹ የሚያዳምጡበት ጥናት፣ ስፔስ (የግቢው ማጥኛ ክፍል) ውስጥም ሆነ ቤት፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ወሬ ይለወጣል።

ስሌት ያለባቸው ትምህርቶች

ሒሳብና ፊዚክስ የተሠራን ምሳሌ በዓይን በመከተል አይጠኑም። መጽሐፉ የሠራውን ምሳሌ በወረቀት ሸፍኑት፣ ራሳችሁ ሥሩት፣ ከዚያ ከፍታችሁ አስተያዩ። እንዲሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ ከመደርደር ይልቅ የተለያዩ ምዕራፎችን ጥያቄዎች አደባልቁ። ሃያ የአርቲሜቲክ ሲኩዌንስ ጥያቄ በተከታታይ የሚሠራ ተማሪ ቀመሩን ማስገባት ይለምዳል፤ ፈተናው ግን ሲኩዌንሱ አርቲሜቲክ ይሁን ጂኦሜትሪክ አይነግረውም፣ መለየቱ ራሱ የጥያቄው ግማሽ ነው። ለፈተናው ካልኩሌተር የማይፈቀድ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ካልኩሌተሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት።

የቋንቋው ጉዳይ

ጅማ ላይ ብዙ ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምሮ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው የሚወድቅ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሁለት ሥራ ይበቃል። አንደኛው፣ ነገሩን በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መረዳትና ማስረዳት፣ ቀጥሎ ያንኑ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው፤ ሳይረዱ በእንግሊዝኛ የሸመደዱት ነገር ጥያቄው በሌላ ቃል ሲመጣ ባዕድ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የመጠየቂያ ቃላትን ለይቶ ማወቅ ነው። «ዲፋይን» ትርጉም ይፈልጋል፣ «ኤክስፕሌይን» ምክንያት ይፈልጋል፣ «ኮምፔር» ሁለቱንም ጎን ይፈልጋል። በምርጫ ጥያቄ ውስጥ «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ካያችሁ በእርሳስ ክበቧት፤ ብዙ የተማረ ሰው በእሷ ወድቋል።

እንቅልፍ፣ ቡናና ጫት

ለጅማ ሰው ቡና አትጠጣ ማለት አይቻልም፣ እኔም አልልም። ካፌይን ግን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በአብዛኛው ሰው ግማሹን ለማስወገድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሹ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ገና ደም ውስጥ ነው ማለት ነው። የፈተና ሰሞን የመጨረሻው ቡና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ባያልፍ መልካም ነው። ቀን የተጠና ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ስንተኛ በመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማጥናት በአንድ እጅ እየዘሩ በሌላው መልቀም ይሆናል።

የጫት ነገር ከዚህ ይከብዳል፣ በግልጽም መነገር አለበት። በከተማችን «ለጥናት ነው» ተብሎ የሚቃም ጫት ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ስለሆነ እንቅልፍ ማባረሩ እውነት ነው። ችግሩ ምርቃናው ላይ ነው። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር የገባ፣ ሁሉም ነገር የተያዘ ይመስላል፤ ቀደም ብዬ ደጋግሞ ማንበብ ያመጣል ያልኩት ያው የውሸት እርግጠኝነት በእጥፍ ይመጣል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጠዋት ድብርት ይከተላል፣ ተፈታኙም አዳራሽ የሚገባው በዚያ ድብርት ነው። የሚጠራጠር ካለ በቀላሉ ይሞክረው፦ በምርቃና ያጠናውን በማግስቱ በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍና ይቁጠረው።

ዋዜማውና ጠዋቱ

በዋዜማው ቀይ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ብቻ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። አድሚሽን ካርድ ወይም መታወቂያ፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስና መቅረጫ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትገቡ ከሆነ ስልክ ክልክል ነው፤ በስልካችሁ ማንቂያ መነሳት የለመዳችሁ ከሆነ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ በራሳችሁ ወይም በሰው ቅስቀሳ መነሳትን ልመዱ። ዶርም ውስጥ እስከ ሌሊት የሚያወራ አይጠፋም፤ ወፍራም ሹራብና ጆሮ ላይ የሚጠቀለል ነጠላ ለብርድም ለጫጫታም ይጠቅማሉ። ከቤት የምትመላለሱ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ባጃጅ እንደማይገኝ አስባችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ።

ፍርሃት ለሚያንቀጠቅጣችሁ አንድ የተሞከረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ወስደው ስለ ፈተናው የሚሰማቸውን ስጋት በወረቀት ላይ የጻፉ ፈሪ ተማሪዎች ውጤታቸው መሻሻሉን አሳይቷል። ጽፋችሁ ወረቀቱን ቅደዱት። በር ላይ ቆሞ «ምዕራፍ ሰባትን አያችሁ?» እያለ ከሚያሸብር ጓደኛ ግን ራቅ በሉ።

አዳራሹ ውስጥ

ስማችሁን፣ መለያ ቁጥራችሁንና የቡክሌት ኮዱን ከጥያቄው በፊት ጻፉና አጥቁሩ። ከዚያ ሰዓቱን አካፍሉ። ለምሳሌ 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ቢሰጣችሁ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ነገር ግን እንደዚያ እኩል አትከፋፍሉት። በመጀመሪያው ዙር ከጥያቄ አንድ እስከ ስድሳ ሄዳችሁ የምታውቁትን ብቻ ሥሩ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መንገዱ ያልታያችሁን ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። ይህ ዙር ስድሳና ሰባ ደቂቃ ይፈጅ። ሁለተኛው ዙር ምልክት ላደረጋችሁባቸው ነው። የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ለማረጋገጫ አስቀሩት። ጥያቄ ቁጥር አራት ላይ ሩብ ሰዓት የሚታገል ጎበዝ ተማሪ፣ ቁጥር ሃምሳ ላይ የነበሩትን ቀላል ጥያቄዎች ሳያያቸው ወረቀት ይሰበሰብበታል።

ጥያቄ ስትዘልሉ በመልስ ወረቀቱም ላይ ያንን ረድፍ መዝለላችሁን አረጋግጡ። እኔ ራሴ ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ) ሳለሁ በአንድ የኬሚስትሪ ሚድ ላይ አሥራ አንደኛውን ዘልዬ የአሥራ ሁለተኛውን መልስ በአሥራ አንደኛው ረድፍ አጠቆርኩ፤ ያወቅሁት ጥያቄው አልቆ አንድ ክብ ሲተርፈኝ ነው፤ ሰዓት ግን አልተረፈኝም። ከዚያ ወዲህ በየአምስት ጥያቄው የጥያቄውንና የረድፉን ቁጥር በጣት ማመሳከርን ለማንም ሳልነግር አላልፍም።

የተሳሳተ መልስ ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ባለ አራት አማራጭ አሥራ ሁለት ጥያቄ ፈጽሞ ባታውቁ፣ ባዶ ብትተዉት ዜሮ ነው፣ በግምት ብትመልሱት በአማካይ ሦስቱን ታገኛላችሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት የማይሆኑ አማራጮችን መሰረዝ ከቻላችሁ ደግሞ ስድስት ይደርሳል። የማይሆነውን መሰረዝም ዕውቀት ነው። መልስ መቀየርን በተመለከተ «የመጀመሪያው ይሻላል» የሚለው የተለመደ ምክር በጥናት አልተደገፈም፤ የተቀየሩ መልሶች አብዛኛውን ጊዜ ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ናቸው። ቀይሮ መሳሳት ስለሚያንገበግብ ያ ብቻ ይታወሰናል። ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ፣ ሆዳችሁ ብቻ ከፈራ ተዉት።

የማብራሪያ ጥያቄ ሲሆን ጊዜውን በነጥቡ መድቡ፤ በመቶ ደቂቃ ከሃምሳ በሚታረም ፈተና አሥር ነጥብ የያዘ ጥያቄ ሃያ ደቂቃ ይገባዋል። ከመጻፋችሁ በፊት ሦስትና አራት ቁልፍ ቃላት በጠርዙ ላይ ጣሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ተመራቂዎች ደግሞ በኮምፒውተር ስለሚፈተኑ፣ ባዶ ወረቀት የሚፈቀድ ከሆነ የዘለሏቸውን ጥያቄዎች ቁጥር እዚያ ላይ ይያዙ።

ወረቀቱ ሲመለስ

ውጤቱን አይቶ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ መወሸቅ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት ግን የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት ዓምድ ለዩ፦ ጨርሶ ያላወቅሁት፣ አውቄው ሳለ ያልመጣልኝ፣ ጥያቄውን በትክክል ሳላነብ የሳትኩት። ነጥብ ሲደመር የተሳሳተ ካገኛችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ በአክብሮት መምህሩ ዘንድ ሂዱ፣ ቀን አታሳልፉ። የመጀመሪያው ዓምድ ከረዘመ የሽፋን ችግር ነው፣ ለሚቀጥለው ፈተና ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ከረዘመ ደብተሩ ተከፍቶ ብቻ ነው ያጠናችሁት። ሦስተኛው ከረዘመ ትምህርቱን ተዉትና በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በየቀኑ አሥር ያለፈ ዓመት ጥያቄ ብቻ አውጥታችሁ፣ መልስ ሳትሰጡ፣ «ምን ተጠየቅሁ?» የሚለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጻፉ።